ወደ ዶርዜ በፓሪስ በኩል

የዘንድሮ የአርባ ምንጭ ወጣት ታድሏል። ድሮ ቢሆን አዲስ ዘፈን ሲያምረው ፍላሹን ይዞ ሲቀላ ሰፈር ወዳለ ሙዚቃ ቤት መሄድ ነበረበት። ዘፈን የሚጭነው ልጅ ከኮምፒውተሩ ቀና ይልና ያየዋል፤ የማን ወንድም እንደሆነ፣ ባለፈው ምን አስጭኖ እንደሄደ ያስታውሳል። «አዲሱን ጋሞኛ ሰምተኸዋል?» ይለዋል። ሳይጠየቅም ሁለት የወላይታ ይመርቅለታል፤ «ባጃጆቹ ሁሉ የያዙት እሱን ነው» ብሎ። ኋላ ቀርነት ነው! ሰው ለሰው ዘፈን መምረጥ ምን የሚሉት ነገር ነው? አሁን ስልኩ ራሱ «ለአንተ የተመረጠ» ይለዋል። ለእሱ ብቻ፤ ለእሱና እሱ የነካውን ለነኩ ጥቂት ሚሊዮን ሰዎች። ዓመቱ ሲያልቅ የሰማውን ሁሉ ቆጥሮ በሥዕል ይሰጠዋል፤ እሱም ለወዳጆቹ ያሰራጫል። የተለየ ጆሮ እንዳለው ማሽን መስክሮለታል፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ስልኩ ያልበቃው ደግሞ ካርታ አለለት። ሚውዚክ ማፕ የሚባለው ላይ የአንድ ዘፋኝ ስም ሲጽፍ ሌሎች ስሞች በዙሪያው ይበተናሉ። የቀረበው ስም ያንን ዘፋኝ የሚወድ ሰው ሊወደው የሚችል ነው፤ የራቀው ደግሞ አይመቸውም ተብሎ የታሰበ። ጉርብትና ማለት እንግዲህ አብሮ መደመጥ ነው። ማንም አብሮ ያልሰማው ጎረቤት የለውም፤ ጎረቤት የሌለው ደግሞ ካርታው ላይ ቤት አይሰጠውም።

ለኢትዮጵያውያን ቤት የተሰጠን በደህና ጊዜ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የኢትዮፒክስን ተከታታይ አልበሞች ፓሪስ ላይ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነበር፤ አራተኛው የሙላቱ አስታጥቄ ነው። በ2005 ፊልም ሠሪው ጂም ጃርሙሽ የሙላቱን ሙዚቃ ፊልሙ ውስጥ አስገባው። እሰየው፣ ይገባዋል። ግን ከዚያ ወዲህ ማሽኑ የኢትዮጵያን ሙዚቃ በአንድ ግቢ አጥሮ አስቀምጦታል። ከሙላቱ የተነሳ አሳሽ ማሕሙድን ሰላም ብሎ፣ ጌታቸው መኩሪያን አልፎ፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም ደጃፍ ትንሽ ተክዞ፣ ዞሮ ሙላቱ ላይ ይወድቃል። ይህ ዙረት «አዲስ ግኝት» ይባላል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ግሌን ማክዶናልድ የሠራው ኤቭሪ ኖይዝ አት ዋንስ የተባለው ካርታ ነው። ከ6 ሺህ በላይ የሙዚቃ ዓይነቶች በአንድ ገጽ ላይ ተዘርግተዋል፤ ወደ ታች የሰው እጅና ጉሮሮ ያለበት፣ ወደ ላይ የማሽኑ፣ ወደ ግራ ጥቅጥቅ ያለው፣ ወደ ቀኝ የሚነጥረው። የሙዚቃ ማሰራጫው ስፖቲፋይ ማክዶናልድ ይሠራበት የነበረውን ኩባንያ ኢኮ ኔስትን በ2014 ገዛው፤ ሰውየውን በዲሴምበር 2023 አሰናበተው። ከስፖቲፋይ ያገኝ የነበረው ዳታ ሲቋረጥ ካርታውም ባለበት ቆመ። ከዚያ በኋላ የተወለደ የሙዚቃ ዓይነት እንግዲህ ይታገሣል።

አሁን ወደ ጨንቻ የሚወጣውን መንገድ እንያዝ። ከአርባ ምንጭ ዶርዜ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ዳገቱ ግን ያስለፋል፣ ኔትወርኩም አይታመንም፣ ስለዚህ ለአሳሽ አይመከርም። እዚያ ለመስቀል ሲዜም አንዱ ያወጣል። ተቀባዮቹ ታዲያ በአንድ ድምፅ አይቀበሉም። ይህ ወገን አንድ ዜማ ይይዛል፤ ያ ወገን ሌላ፤ ሌላው ደግሞ ክፍተቷን ጠብቆ በአጭሩ ጣል ያደርግና ይወጣል፣ ተመልሶ ጣል ያደርጋል። ማን ምን እንዳለ ለመለየት ጆሮ ሲማስን፣ ከአንዳቸውም አፍ ያልወጣ ዜማ ከመካከላቸው ይሰማል። ወደ ታች ነው ወደ ግራ? ጥቅጥቅ ያለ ነው የሚነጥር? ካርታ ሠሪ ይጨነቅበት።

ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ ዣኮብ ግን በ1970ዎቹ ዳገቱን ወጥቶ ቀድቶታል። ቅጂው በ1977 ሌ ሻን ዱ ሞንድ በሚባለው የፈረንሳይ አሳታሚ በሸክላ ወጣ። ስለዚህ የእኛ ወጣት ተስፋ አይቁረጥ! ከሙላቱ ወደ ኢትዮፒክስ፣ ከኢትዮፒክስ ወደ ሌላ የፈረንሳይ ሸክላ እየተንከባለለ፣ ዕድል ከቀናው አንድ ሌሊት ዶርዜ ይደርሳል። «ኧረ ጉድ! ይሄ የት አገር ነው?» ብሎ ለጓደኛው ይልክለታል። ጓደኛውም አብሮት ይደነቃል፤ እናቱ ዶርዜ ናቸው።

ዶርዜዎችም ቢሆኑ ጥፋት አለባቸው። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1 ሺህ ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ክፍያ አያስብም፤ አንዴ ተደመጠ የሚባለውም 30 ሰኮንድ ሲሞላው ነው። ዶርዜ በ30 ሰኮንድ ገና ጉሮሮውን እየጠረገ ነው። በዓመት አንዴ «ዮ ማስቃላ» ብሎ ተሰብስቦ ማዜምስ ምን ዓይነት የገበያ ዕውቀት ነው? በየሳምንቱ ዓርብ አንዳንድ መልቀቅ ነበረባቸው። ደግሞ አብሮ ማዜሙ ይቅር። የአንድ ሰው የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ያ ሁሉ ሕዝብ ተጋፍቶ ምን ሊሆን? እያንዳንዱ ድምፁን ለብቻው ይቅዳ፣ በየስሙ ገጽ ይክፈት፤ ማሽኑ አብረው የሚደመጡ መሆናቸውን ከደረሰበት ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል።

የሚቀረው ዘፈኑ የሚገባበትን ቅጽ መሙላት ብቻ ነው። «ዋና አርቲስት» የሚል ቦታ አለ፤ «መንደሩ በሙሉ» ተብሎ አይሞላም፣ የሰው ወይም የቡድን ስም ይፈልጋል። ቀጥሎ «ተጋባዥ አርቲስት» ይላል። ያወጣው ነው ዋናው ወይስ የተቀበለው? ክፍተቷን ጠብቆ ጣል የሚያደርገውስ ተጋባዥ ተብሎ ይጻፍ? ለዚህ ሽማግሌዎቹ የሸንጎው ቦታ ዱቡሻ ላይ መቀመጣቸው አይቀርም። የጋሞ ሽማግሌ ደግሞ ሁሉም ተናግሮ፣ ሁሉም ተስማምቶ ካልሆነ አይነሣም፤ ቅጹ ግን ለጥቂት ጊዜ ካልነኩት ይዘጋና እንደገና ከስም ይጀምራል።