ከቀይ የደም ህዋስ ክርታስ የወጣ የኬላ አዋጅ

ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ።

እኛ፣ በሁለት ረድፍ ስብ የታነጽን፣ ውፍረታችን የሚሊሜትርን መቶ ሺኛ እጅ እንኳ የማይሞላ፣ ግርማችን ግን ከውፍረታችን እጅግ የላቀ፣ የቀይ የደም ህዋስ ክርታስ፣ የውስጡ ጠባቂ፣ የውጩም ተመልካች፣ በወሰነ ግዛታችን የሚገባውና የሚወጣው ሁሉ በሥርዓት ይመላለስ ዘንድ እንዲህ ደንግገናል።

ከሳንባ የሚመጣው ኦክስጅንና ከየአካላቱ የሚመለሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ጥቃቅንና የኤሌክትሪክ ሙል የሌላቸው ናቸውና፣ ያለ ይለፍ ወረቀትና ያለ ቀረጥ በስባችን መካከል እንዲያልፉ በቸርነታችን ፈቅደናል። አንዳንድ ነገረኞች ግን፣ ክርታሱ የፈቀደው መከልከል ስላልቻለ ነው፣ ጋዞቹም ከበዙበት ወደ አነሱበት የሚሄዱት በሕገ ጠባይዕ እንጂ በአዋጅ አይደለም እያሉ በየደም ሥሩ እንደሚያወሩ ሰምተናል። ይህ ወሬ እውነት ስለ ሆነ ከዛሬ ጀምሮ እንዳይነገር ከልክለናል።

ውሃን በሚመለከት፣ ፒተር አግሬ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እኛን ሳያስፈቅድ ግድግዳችንን መርምሮ፣ ውሃ በነጠላ ሰልፍ የሚያልፍበትን አኳፖሪን የተባለ የፕሮቲን በር ሥራ በ1992 እ.ኤ.አ. ስለ ገለጠብን፣ በ2003ም የኖቤል ሽልማት ስለ ተቀበለበት (ለእኛ ለበሩ ባለቤቶች የደረሰን ነገር የለም)፣ ምስጢሩን መሸሸግ አልተቻለም። ስለዚህ ውሃ በልኩ እንዲገባ አዘናል፤ ልኩን የሚወስነው ግን በውጭ ያለው ጨው ነው። በሊትር 9 ግራም ጨው ባለበት ውሃ በሰላም ስንኖር፣ በንጹሕ ውሃ የተጣለው ወንድማችን ይህን አዋጅ አንብቦ ሳይጨርስ አብጦ ይፈነዳል፤ ጨው በበዛበት የወደቀውም ይጨማደዳል።

ነጋድራሳችን የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕ 3 ሶዲየም ባስወጣ ቁጥር 2 ፖታሲየም ያስገባል፤ ሁለቱንም ወደ በዙበት ወገን፣ ማለት ሽቅብ፣ ስለሚገፋ በየዙሩ ኤቲፒ ከተባለው የኃይል ገንዘባችን አንድ ከግምጃ ቤታችን ይከፈለዋል። ወጪው በዛ የሚሉ በጅሮንዶች አሉ፤ ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ አዋጅ ውስጥ በእውነት የራሳችን የሆነ ሥልጣን ቢኖር የምንከፍልበት ይህ አንዱ ብቻ ነው። ሚቶኮንድሪያ የሌለን ድኆች በመሆናችንም ኤቲፒውን የምናገኘው ከግሉኮስ ነውና፣ ግሉኮስ በተሸካሚ ፕሮቲን አማካይነት፣ ቁልቁል፣ ያለ ክፍያ ይግባ። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ቀስታቸውን የሚቀቡት ኡዋባይን የተባለው መርዝ ግን ነጋድራሱን ከሥራው ስለሚያስቆም አውግዘነዋል፤ ውግዘታችንን አክብሮ ባያውቅም።

ይህ አዋጅ ለ120 ቀን ያህል የጸና ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በጣፊያና በጉበት ያሉ በላተኞች ህዋሳት አዋጁን ከነአዋጅ ነጋሪው ይውጡታልና። ኒውክሊየሳችንን በመቅኒ ሳለን ስለ ጣልነው መዝገብ ቤት የለንም፤ ማሻሻያ የሚሻ ሁሉ ማመልከቻውን በሦስት ቅጂ ለተተኪያችን ያቅርብ።