የመንግሥት ቤት፣ ከአቦል እስከ በረካ

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ሐበሻ ቡና አፍልቶ በተቀመጠበት ሁሉ በየጊዜው እየዞረች የምትመጣ አንዲት ወሬ አለች። «መንግሥት ከባለዕዳ የተወረሱ ቤቶችን እየቸበቸበ ነው፤ ፍጠኑ!» ወሬውን ያመጣው ሰው ራሱ ተከራይ ነው። «ታዲያ አንተ ለምን አልገዛህም?» ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም፤ ነውር ነዋ።

ወሬዋ ከሲኒ ሲኒ ዋጋ ትቀንሳለች። አቦል ላይ ቤቱ በግማሽ ዋጋ ነው። ቶና ላይ መቶ ዶላር ይሆናል። በረካው ሲቀዳ አንድ ዶላር ገብቷል፤ አራተኛ ቢደገም ኖሮ መንግሥት ከፍሎ ያስገባን ነበር።

የሚያስቀው፣ ሦስቱም ከባዶ የተፈጠሩ አለመሆናቸው ነው። ግማሽ ዋጋው አለ። ለአስተማሪ፣ ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኛና ለድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ነው፤ ያውም ቤቱን የሚሸጠው መሥሪያ ቤት በመረጣቸው ሰፈሮች፣ 36 ወር ሊኖሩበት ፈርመው። ፈላጊ ከበዛ ዕጣ ይወጣል። አዲስ አበባ ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ሲጠብቅ የዲቪ ዕጣ ቀድሞ የደረሰው ሰው፣ እዚህም መጥቶ ዕጣ ይጠብቃል ማለት ነው። መቶ ዶላሩም አለ፤ ነገር ግን ቅድመ ክፍያ እንጂ የቤቱ ዋጋ አይደለም። እሱም በአንዳንድ ግዛቶች፣ ሊኖርበት ለሚገዛና የተጠየቀውን ሙሉ ዋጋ ለሚያቀርብ ሰው ነው። አንድ ዶላሩ ደግሞ ስድስት ወር ገዢ ያጣ ቤት ለአካባቢ አስተዳደር የሚተላለፍበት አሠራር ነው። ከንቲባ ካልሆኑ እርስዎን አይመለከትም።

ጥፋቱ ሁሉ የወሬኛው አይደለም። እኛ የመንግሥት ቤት ሲባል የሚታየን በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ተወርሶ በቀበሌ እጅ የገባው፣ ኪራዩ ከሻይ ቡና ወጪ የማይበልጠው ቤት ነው። አሜሪካ ግን መንግሥት ቤቱን የሚያገኘው ከፍሎ ነው። በ1934 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የተቋቋመው ኤፍ ኤች ኤ ገንዘብ አያበድርም፤ ለአበዳሪው ዋስ ይሆናል። ተበዳሪው መክፈል አቅቶት ቤቱ ሲወረስ፣ ዋሱ ለአበዳሪው ከፍሎ ቤቱ ሀድ በሚባለው የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት እጅ ይገባል። ሀድ የሚሸጠው የከፈለውን ለማስመለስ ነው፤ በገማች አስገምቶ፣ በጨረታ። ለነፍስ ይማር የሚሰጥ ቤት የለም።

የቤቶቹ ዝርዝር በሀድ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያል። ይህን የሰማ ሁሉ ግን መጀመሪያ የሚያደርገው «ምስጢራዊ ዝርዝር» ለሚሸጥ ሰው በየወሩ ከካርዱ እንዲቆረጥለት መፍቀድ ነው። ነፃ ነገር አያምንማ! ጨረታ የሚገባው በሀድ በተመዘገበ ደላላ በኩል ነው፤ ያን ደግሞ «ኮሚሽን ሊበላኝ ነው» ብሎ ይሸሸዋል።

ቤቱን ለማየት የሚኬድበት ቀን የራሱ ትርኢት አለው። ገዢው፣ ሚስቱ፣ የሚስቱ ወንድምና «ኮንስትራክሽን ያውቃል» የተባለ አንድ ጎረምሳ በአንድ መኪና ይመጣሉ። የሽንት ቤቱ መቀመጫ በፕላስተር ታሽጎ «አትጠቀሙ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ በብርዱ ቧንቧ እንዳይፈነዳ ውኃው ተዘግቷል። ምድጃው ተነቅሎ ሄዷል፣ የቀረው የጋዙ ቧንቧ ጫፍ ነው። ምድር ቤቱ ይሸታል። አዋቂው ግድግዳውን በጣቱ ቋ ቋ ያደርግና «ጋሼ፣ ይሄ ቀለም ብቻ ነው የሚፈልገው» ይላል። ሚስትየው ግን ጥግ ላይ ያለውን ሻጋታ እያየች ነው። እኔ በእሷ እፈርዳለሁ። ሀድ ቤቱን እንዳለ ነው የሚሸጠው፤ አንዲት ሚስማር አይመታም። የራስን መርማሪ ከፍሎ ማስመርመር ለቋ ቋው መልስ ይሰጣል፤ ለጥገናው ደግሞ 203ኬ የሚባል የመግዣና የማደሻ ብድር አለ።

ቤቶቹ መጀመሪያ የሚቀርቡት ሊኖርባቸው ለሚገዛ ሰው ነው፤ አከራይቶ ሊያተርፍ የፈለገ ተራ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ነው ብልጠታችን የሚመጣው። «እኖርበታለሁ ብለህ ፈርም፣ ከዚያ ማን ያይሃል?» የሚፈረመው ቅጽ ቢያንስ 12 ወር መኖርን ያስገድዳል፤ ለዋሸም እስከ 250,000 ዶላር ቅጣትና እስከ ሁለት ዓመት እስራት ጽፎበታል። መካሪው ይህን መስመር አላነበበም፤ ፈራሚው እሱ አይደለማ።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ጉዱ ይብሳል። ዓመቱን ሙሉ ኡበር ሲነዳ የከረመው ወንድማችን ታክስ ሊያሠራ ሲቀመጥ ደሃ ነው። ቤንዚኑ፣ ጎማው፣ ስልኩ፣ የመኪና እጥበቱ ሁሉ ተቀናንሶ ገቢው ለድመት ቀለብ አይበቃም። «ጎበዝ ሒሳብ ሠሪ አግኝቻለሁ» እያለ ለጓደኞቹም ቁጥሩን ያድላል። በወሩ አበዳሪው ፊት ሲቀርብ ግን ባለጸጋ ነው። አበዳሪው ፊቱን አይቶ አያምንም፤ የሚጠይቀው ያንኑ የታክስ ወረቀት ነው፣ ያውም የሁለት ዓመት።

ኤፍ ኤች ኤ ዋስ በሚሆንበት ብድር፣ ቅድመ ክፍያው የክሬዲት ነጥቡ 580 ለደረሰ ሰው 3.5 በመቶ ነው። ሐበሻ ይህን ከየት እንደሚያመጣ ይታወቃል፤ ዕቁብ ይወጣለታል። ብሩ ባንድ ቀን ባንክ ሲገባ አበዳሪው «ከየት መጣ?» ይላል። አንዱ «ስጦታ ነው» ብሎ አጎት ፍለጋ ይወጣል። ሌላው «ቤት አስቀምጬው ነበር» ይላል። እውነቱን የሚናገር ጠፋ፤ «ፈረንጅ ዕቁብ ምን እንደሆነ አይገባውም» ተብሎ። የኤፍ ኤች ኤ መመሪያ ግን አባላቱ ራሳቸው ከሚያስተዳድሩት የቁጠባ ማኅበር የተገኘን ገንዘብ ለይቶ ጠቅሶ ይቀበላል። የሚፈልገው ማኅበሩ መኖሩን፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየና ገንዘቡ ለተበዳሪው መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ነው፤ ደግሞም የተጠራቀመ እንጂ የተበደሩት አለመሆኑን። በመጀመሪያው ወር ወጥቶለት ገና ብዙ የሚከፍለው የቀረበት ሰው እዚህ ላይ ሊቸገር ይችላል። የመጨረሻውን ዕጣ ስንሸሽ የኖርነው ለካ በከንቱ ነው።

የዕቁባችን መዝገብ ደግሞ በዳኛው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ቢበዛ በጸሐፊው ቫይበር ላይ። እናንት የዕቁብ ዳኞች፣ እባካችሁ ደብተር ክፈቱ፤ ቀን ጻፉ፣ ተቀባዩን አስፈርሙ። አበዳሪው ደብተሩን የሚጠይቀው ከእናንተ ነው።