የሐምሌ ድሆች

በመተማ ዮሐንስ ትልቁ ሙያ ንግድ እንዳይመስላችሁ፤ በሐምሌ መደህየት ነው።

ኅዳር ላይ ሰሊጡን በኩንታል ቆልሎ «ዋጋው ካልጨመረ አልሸጥም» እያለ ደላላ ሲያንገላታ የከረመው ነጋዴ፣ የግብር ወቅት ሲደርስ ሸሚዙ ሳይቀር ያረጅበታል። መኪናው የአማቹ ይሆናል፣ መጋዘኑ የእህቱ። ሱቁም የአደራ ነው፤ ባለቤቱ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው ያለው። ገማቹ ሲመጣ መደርደሪያው ላይ ጥቂት ብስኩትና አንድ ካርቶን ሳሙና ያገኛል።

«እንዴት ነዎት ጋሼ?»

«ምን መሆን አለ ልጄ! መንገዱ ተዘግቶ፣ ሱዳን ተቃጥሎ። ልንዘጋው እያሰብን ነው።»

ማሰብ ከጀመረ ቆይቷል።

ሱዳን መቃጠሉ ውሸት አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ስንቱ ንብረቱን ጥሎ በዚሁ በመተማ በር ገብቷል። የእኛም ክልል ከዚያው ዓመት ክረምት ጀምሮ ሰላም አጥቷል። በዚህ መሀል የከሰረ ነጋዴ ከስሬያለሁ ቢል እውነቱን ነው። የእኛ ጀግና ግን የጎረቤቱን ኪሳራ ተውሶ ነው የሚቀርበው።

የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ደግ ሕግ ነው። የኢትዮጵያ ነዋሪ ገቢውን መተማም ያግኘው ገዳሪፍ፣ እዚህ ያስታውቃል ይላል፤ ውጭ አገር የከፈለው ግብር ካለ ማስረጃ ይዞ ሲመጣ ይካካስለታል። በዓመት ከ183 ቀን በላይ እዚህ የኖረ ሰው ነዋሪ ነው። «ባለቤቱ ገዳሪፍ ነው» የተባለው ባለቤት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚያድረው ከሱቁ ጀርባ ነው። ገዳሪፍ ላይ ሲጠየቅ «ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ግብሬ ለአገሬ ነው» ብሎ ደረቱን ይነፋል። መተማ ላይ ሲጠየቅ «ሁሉን እዚያ ጨርሻለሁ፤ ዘካው ብቻ ስንት መሰለህ!» ይላል። በሱዳን ዘካ በዝናብ ከለማ ሰብል ላይ ከአሥር አንድ ነው፤ የሚከፍለውም ሙስሊም ነው። ሰውዬው ግን የማርያም ማኅበርተኛ ነው፤ አንድ ፍሬ ሰሊጥም ዘርቶ አያውቅ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከድንበሩ ማዶ ጋላባትን የያዙት የተክሩር ሼኮች ለኢትዮጵያም ለግብፅም ይገብሩ ነበር አሉ። ምስኪኖች! ድንበር ላይ ተቀምጠው ሁለት ጊዜ መክፈል! የዛሬው ትውልድ ያንን ስህተት አርሞ ለሁለቱም አለመክፈልን አገኘ።

የሒሳብ ችሎታውም አይናቅም። በ2017ቱ ማሻሻያ፣ በአዋጅ 1395፣ ዓመታዊ ገቢው 2 ሚሊዮን ብር የደረሰ ነጋዴ ደረጃ ሀ ገብቶ የሒሳብ መዝገብ ይይዛል። ገበያው ይህን ሰምቶ ይሁን አይታወቅም፣ 1,990,000 ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ደንበኛ ያለ ደረሰኝ ይስተናገዳል፤ ደረሰኝ ከፈለገም «ዋጋው ይጨምራል» ይባላል።

ይብላኝ ለመምህሩ! እሱ ገዳሪፍ ዘመድ የለው፣ ደመወዙን በአማቹ ስም አያስመዘግብ። በወር 10,000 ብር ከተከፈለው 1,650ው ገና እጁ ሳይገባ ይቆረጣል፤ እስከ 2017ቱ ማሻሻያ ድረስማ 2,045 ነበር። ሐምሌ መጣ አልመጣ ለእሱ ምኑም አይደል፤ በየወሩ ሐምሌ ነው። ሻይ የምትሸጠዋም እንደዚያው፤ ባለመጋዘኑ የሸሸውን ገማቹ ከጀበናዋ ይፈልገዋል። መዝገብ የሌለው በግምት ይከፍላል፣ ግምት ደግሞ የሚበረታው መደበቂያ በሌለው ላይ ነው። በ2009 የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ ስንት ሱቅ በቁጣ እንደተዘጋ የምናስታውስ እናስታውሳለን።

ዘንድሮ አንዱ ገማች ግን ሞኝ አልነበረም አሉ።

«ጋሼ፣ ገዳሪፍ ከፍያለሁ ካሉ ደረሰኙን ያምጡና እናካክስልዎ።»

«ካርቱም ተቃጠለ።»

«የገዳሪፍ ደረሰኝ ካርቱም ምን ሊያደርግ ሄደ?»

«ለማኅተም ልኬው ነበር።»