የሚጥል በሽታ ያለባትን ልጅ ለመጉዳት

ልጅቱ ስትወድቅ መጀመሪያ ክብሪት ፈልጉ። ጫሩና ጭሱን ከአፍንጫዋ ሥር ያዙላት። ቀጥሎ በጥርሷ መካከል ማንኪያ አስገቡ፤ ጥርሷ ይሰበር። እጅና እግሯን ለአራት ሆናችሁ ጨምቃችሁ ያዙ። በጎኗ ማስተኛት፣ ከራሷ ሥር ነጠላ አጣጥፎ ማድረግ፣ አንገቷን የያዘውን መፍታት፣ ሰዓት መመልከትና ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና ማድረስ ይቅርባት። የሚረዳት ግን ይኸው ብቻ ነበር።

አለዚያም ለሀጯ ይጋባል ብላችሁ ሽሹ፤ ይልቁንም ምድጃ ዳር ከወደቀች። በሽታው በለሀጭም በትንፋሽም አይተላለፍም። እሳቱ ግን አይምራትም። ከደብረ ታቦር እስከ ጋይንት፣ በጉና ተራራ ብርድ ሥር፣ ብዙ ቤት የሚሞቀው በምድጃ ነው፤ እንጀራ የምትጋግረው፣ አሻሮ የምትቆላው፣ ውኃ የምትቀዳውም ሴት ልጅ ናት። እንግዲያው ብቻዋን አስጋግሯት። ሲጥላት ክንዷ ፍም ላይ ያርፋል፤ ራሷን ስለማታውቅ አታነሳውም። ምድጃውን ከፍ አድርጎ በጭቃ መከለል፣ በመጋገሪያው ቀን አንድ ሰው አጠገቧ ማስቀመጥ ለዚህ ሁሉ በበቃ ነበር። የተቃጠለ ክንድ ያላት ወጣት ባየሁ ቁጥር የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ልብስ ልታጥብ ወደ ርብ ወንዝ ስትወርድም ብቻዋን ስደዷት።

ምክንያቱን ስትፈልጉ ቡዳ፣ ዛር፣ የእናት ኃጢአት በሉ። ምጡ እንዴት እንደነበር፣ በልጅነቷ ማጅራት ገትር ይዟት እንደሆነ፣ ጭንቅላቷን ተመትታ እንደሆነ አትጠይቁ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው፣ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት ካሳወቁ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗል። ሕሙማኑ ብዙ ናቸው፤ እናንተ ግን የእናንተዋን ልጅ ብቻ የተረገመች አድርጉና ከትምህርት ቤት አስቀሯት።

ጠበል ስትወስዷት ክኒኑን ቤት ተዉት። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸውን እርሱት። ለእሷም እንደዚያው እምነቷን አትጣል፣ መድኃኒቷንም አታቋርጥ የሚል ካህን ብዙ ሕይወት ያተርፋል።

ጥቂት ወራት ሳይጥላት ከቆየ «ዳነች» ብላችሁ አስቁሟት። ፌኖባርቢታል ርካሽና አሮጌ መድኃኒት ነው፤ የሚሠራው ግን በየቀኑ ሲዋጥ ነው። በድንገት የተቋረጠ ጊዜ ሕመሙ በርትቶ ይመለሳል፤ አንዱ ሳይለቃት ሌላው እየደረበ ሊገድላትም ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በትክክል ከታከሙ ከ100 ሕሙማን እስከ 70 የሚደርሱት ሳይጥላቸው መኖር እንደሚችሉ ይናገራል። ያ እንዳይሆን የገበያ ቀን፣ የእርሻ ሥራ፣ የመኪና ዋጋ ምክንያት እያደረጋችሁ የቀጠሮዋን ቀን አሳልፉ።

ሽማግሌ ሲላክ ደግሞ ነገሩን ደብቁ። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። በባሏ ቤት ክኒኗን ከመሶብ ሥር፣ ከእህል ጎታ ውስጥ ትሸሽጋለች፤ አማቷ ካለች ሳትውጥ ታድራለች። ስለዚህ ይጥላታል፤ የተደበቀው ይገለጣል፤ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። ከጋብቻው በፊት አንድ ቃል ቢነገረው መድኃኒቷን ራሱ የሚያስታውሳት ባል አይጠፋም ነበር።

ስታረግዝም ለሐኪም አትንገሩ። ይህ በሽታ ያለባቸው አብዛኞቹ እናቶች ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ፤ ነገር ግን ቫልፕሮዬት የተባለው መድኃኒት ፅንስን ይጎዳል፣ በራሷ ፈቃድ ብታቆመው ደግሞ እሷም ፅንሱም አደጋ ላይ ይወድቃሉ። መድኃኒቱን በሌላ የሚለውጥላት፣ ፎሊክ አሲድም የሚያዝላት ሐኪም ነው፤ እሱንም ማየት ያለባት ከመፀነሷ በፊት ነው።