ሰባት ቤት የሚቆጠርለት የራስ ቁር

ጋራዣችን መኪና ከገባበት ቆይቷል። እዚህ ሜሪላንድ በረዶ ሲወርድ የልጄ መኪና ደጅ ታድራለች፤ ጋራዡ ውስጥ ግን አንድ ጦር ሠራዊት በሙቀት ተንደላቆ ያድራል። ነጭ ደረት፣ ነጭ ጭን፣ ነጭ ክንድ ለየብቻው በገመድ ተንጠልጥሏል። ማታ መብራት ሳያበሩ መግባት ለልብ ሕመምተኛ አይመከርም።

የልጅ ልጄ ዲግሪ አለው፣ ደህና ሥራ አለው፣ ሚስት የለውም። ቅዳሜና እሑድ የሚያልቀው የስታር ዋርስ ፊልም ላይ ያሉትን የክፉውን ንጉሥ ወታደሮች ልብስ ሲሠራ ነው፤ ስቶርምትሩፐር ይላቸዋል። ብቻውን ቢሆን ጸበል እወስደው ነበር። ችግሩ ማኅበር ናቸው። አንዱ ነርስ ነው፣ አንዷ የሒሳብ አስተማሪ፣ አንዱ ደግሞ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማያንስ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር። በሹፌሩ ነው ይበልጥ የማዝነው።

ዝርግ ፕላስቲክ እስኪለሰልስ ያሞቁና ቅርጹ ላይ ይጥሉታል፤ ከሥር አየሩ ሲመጠጥ ፕላስቲኩ ቅርጹን ይዞ ይደርቃል። ከዚያ መቁረጥ፣ ማጣበቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ ስቱኮ መቀባት፣ እንደገና መፈግፈግ። የማጣበቂያው ሽታ እስከ ምኝታ ቤቴ ይመጣል። አሁን አሁን ደግሞ የራስ ቁሩን በስሪዲ ፕሪንተር ያትሙታል። ማሽኑ እያንጎራጎረ ክር በክር ሲደርብ ያነጋል፤ እኔም አብሬው አነጋለሁ።

ይህ ሁሉ አልቆ፣ ነጩ ቀለም ፊት እስኪያሳይ ካበራ በኋላ፣ ያቆሽሹታል። አዎ፣ በገዛ እጃቸው። ጥቁር ቀለም ይቀቡና በጨርቅ ይጠርጉታል፣ ጠርዙን ይጭሩታል፣ ጭቃ የነካው ያስመስሉታል። በረሃ የከረመ ወታደር መምሰል አለበት አሉ። ከአገር ይዤው የመጣሁትን፣ ማንም ሳያቆሽሸው በራሱ ጊዜ በክብር ያረጀውን የቆዳ ቦርሳዬን «አባባ፣ ይሄ እኮ አለቀለት» ብሎ የጣለው ይኸው ልጅ ነው!

አንድ ቀን ሙሉ ልብሱን ለብሶ ፊቴ ቆመ። ግራ ጉልበቱ ላይ መከላከያ አለ፤ ቀኙ ላይ የለም። አንዱ ወድቆብሃል ብለው «ፊልሙ ላይም ግራው ብቻ ነው» አለኝ። የአለቃቸው የዳርት ቬደር ጭንብልም በእጅ የተቀረጸ ስለሆነ ግራና ቀኙ እኩል አልወጣም። እነዚህ ልጆች ኮምፒውተር እያላቸው፣ በአንድ ጣት ማቃናት ሲችሉ፣ ጥመቱን በሚሊሜትር እየለኩ ይገለብጡታል። ያቃና ሰው ይወቀሳል። እኔ የማውቀው ዓለም ላይ ጠማማ የሠራ አናጢ ነበር የሚወቀሰው።

ያን ያህል የሚሰገድለት ዋናው ዕቃስ ምን ነበር? ፊልሙ እንግሊዝ አገር ሲሠራ ገንዘቡ አጭር ነበር። ሮጀር ክሪስቲያን የሚባለው የፊልሙ ዕቃ አሰናጅ ለንደን ውስጥ ከአንድ የፎቶ ዕቃ መሸጫ ግራፍሌክስ የሚባል የድሮ የጋዜጠኛ ካሜራ የፍላሽ እጀታ አገኘ፤ ጥቁር ማያዣ ለጠፈበትና የብርሃን ሰይፍ አደረገው። በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር ኦስካር ተሸለመ። እሱን አደንቃለሁ፤ ከውዳቂ ሰይፍ ያወጣ ብልህ ነው። የዛሬዎቹ ግን ያንኑ ውዳቂ ፍለጋ የአሮጌ ካሜራ ሰብሳቢዎችን እስኪያስለቅሱ ድረስ ዋጋውን ሰቅለውታል።

የፊልሙ ጀግና የሐን ሶሎ ሽጉጥ ደግሞ ማውዘር ነው። ማውዘር! መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1896፣ የአድዋ ዓመት ነው። አባቴ ማውዘር የታጠቀ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው ይነሣ ነበር። እነዚህ በፕላስቲክ አትመው፣ መነጽር ገጥመው፣ ጠፈር ይልኩታል።

ይህንንም ሁሉ በቻልኩት ነበር። ያቃጠለኝ ሌላ ነው፤ ልጁ የራስ ቁር ዘር ይቆጥራል። ከቅጂ ላይ ሌላ ቅጂ ሲወጣ መጠኑ ጥቂት ይኮማተራል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል። ስለዚህ አንድ ቁር ከመገዛቱ በፊት ከማን ቅርጽ እንደወጣ፣ ያም ቅርጽ ከማን እንደተወለደ፣ ፊልሙ ላይ ከነበረው ዕቃ ስንት ትውልድ እንደራቀ ይጠየቃል። ለጋብቻ ሽማግሌ ተልኮ ሰባት ቤት እንደሚቆጠር ነው። ሳያንገራግር እስከ ሥሩ ቆጠረልኝ። እሺ፣ ያንተ የቅድመ አያትህ ስም ማነው? አልኩት። ስልኩን አወጣ።

ነውርም አላቸው። አንዱ የቀረጸውን ሌላው ሳያስፈቅድ ገልብጦ ከሸጠ ስሙ ይጠፋል፣ ማንም አብሮት አይሠራም። መጀመሪያ ነገር ሁላችሁም የፊልም ኩባንያውን አይደል እንዴ የገለበጣችሁት ብላቸው ሒሳብ አስተማሪዋ ረዥም ትንታኔ ሰጠችኝ፤ አልገባኝም። ደግነቱ ዳኞችም ተቸግረውበታል። አንድሩ ኤይንስወርዝ የሚባል እንግሊዛዊ ለመጀመሪያው ፊልም የወታደሮቹን ቁር በፕላስቲክ ያወጣ ሰው ነው። ከዓመታት በኋላ ቅጂውን መሸጥ ሲጀምር የፊልሙ ኩባንያ ሉካስፊልም ከሰሰው፤ ነገሩ እስከ እንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2011 የተከበሩ ዳኞች ተቀምጠው ይህ ቁር ቅርጻ ቅርጽ ነው ወይስ የፊልም መገልገያ ብለው ተከራከሩና መገልገያ ነው፣ እንደ ቅርጻ ቅርጽ የቅጂ መብት የለውም አሉ። ሰውየው እዚያው እንግሊዝ መሸጡን ቀጠለ። እኛ ቤት ግን ያ ፍርድ በየዓመቱ ይግባኝ ይባልበታል፤ በምሳ ሰዓት።

ለምን ከሁሉ መርጦ የክፉውን ወገን? ፊልሙ አሜሪካ የወጣው በእኛ ግንቦት 17 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ላይ መለዮ ለባሽ በር ሲያንኳኳ ማነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ፊት የሌለው ወታደር ቤቴ ውስጥ ሲመላለስ ባልወድ ይፈረድብኛል? ጀግኖቹን የሚለብስ ሬብል ሌጅን የሚባል ማኅበር አለ፤ እዚያ ግባ ብለው ጥቁሩና ነጩ ያምራል አለኝ።

የክፉዎቹ ማኅበር 501ኛው ሌጅን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1997 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ አልቢን ጆንሰን የሚባል ሰው ከጓደኛው ጋር ጀመረው፤ ዛሬ በብዙ አገር አባላት አሉት። ለብሰው ለመታየት ክፍያ አይቀበሉም፤ መክፈል የፈለገ ለበጎ አድራጎት ይስጥ ይላሉ። የጆንሰን ትንሽ ልጅ በአንጎል ካንሰር ስትታመም አልጋዋ አጠገብ የሚጠብቃት ሮቦት ትፈልግ ነበር፤ ሮቦት ሠሪዎቹ አድናቂዎች ሮዝ ቀለም ያለው አደረጉላት። እ.ኤ.አ. በ2005 አረፈች። በስሟ አር ቱ ኬቲ የተባለ ሮዝ ሮቦት ዛሬም ሕፃናት ሆስፒታል እየዞረ ይጠይቃል። ይህን የነገረኝ ሹፌሩ ነው፤ ስድቤን በሙሉ አስረሳኝ። ለዚያ ሳምንት።

ምክንያቱም በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ሰጡኝ። ያን ቁር ያጠለቀ ሰው እግሩን አያይም፤ ጥሩሩም በደንብ አያስቀምጠውም። ስለዚህ አጠገቡ ሆኖ ደረጃ ሲመጣ የሚነግር፣ ሕፃን ከሥር ሲገባ የሚያስጠነቅቅ፣ ማሰሪያ ሲፈታ የሚያስር ሰው ያስፈልገዋል። ሆስፒታል ሕፃናት ሊጠይቁ ነበርና ለዚያ እኔን መረጡ። በዚህ ዕድሜዬ የክፉ ንጉሥ ወታደር እጅ ይዤ ልመራ! በርኖሴንም አይተውት ኖሯል፤ ቡኒ ነው፣ ቆብ አለው፣ የፊልሙ ባለሰይፎች የጄዳዮች ካባ ቁርጥ እሱን ነው አሉ። እሱን ለብሰህ ብትመጣ አሉኝ። ነርሱ ጨርቁን በጣቱ እያሸ «ትንሽ ማቆሸሽ ብቻ ነው የሚቀረው» ሲል ሰማሁት። የመንዝ በርኖስ ነው፤ ብርጭቆ ወረቀት የነካው ቀን ከዚህ ቤት እወጣለሁ።

ቅዳሜ ዕድር አለብኝ፣ አይመቸኝም ብዬ ተገላገልኩ። ተሰብስበው ተመካከሩና ቀኑን ወደ እሑድ ከሰዓት አዛውረው መጡ።