ተርኪና ዐሥራ ሁለቱ ብልት

እግዚአብሔር ይመስገን፤ አትላንታ የምንኖር ሐበሾች በሃይማኖታችን ጽኑ ነን። ጽናታችን ዓመቱን ሙሉ ባይታይም ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ይበረታል።

ኦክቶበር 31፣ ማለትም ሃሎዊን፣ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ይውላል፤ ማርያም ናት። በዚያች ምሽት ክላርክስተንም ስቶን ማውንቴንም በየደጁ የተፈለፈለ ዱባ ይቀመጣል፤ ከጎኑ የፕላስቲክ ራስ ቅል። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ያሉት አባቶቻችን፣ ሁለቱ አንድ ደረጃ ላይ በቅለው የሚታዩበት አገር እንዳለ አልነገሩንም። ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እናት ዱባውን አይተው «ይህን የመሰለ ዱባ ምነው አበላሹት?» አሉና በማግስቱ የተረፈውን ወጥ ሠሩት። ስለ ሃሎዊን ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወጥ የሚበልጥ ትርጓሜ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ልጆች በየቤቱ እያንኳኩ ከረሜላ ሲቀበሉም እኒያን እናት አልገረማቸውም፤ ቡሄ መስሏቸው «ሳይጨፍሩ ነው እንዴ የሚሰጧቸው?» ብቻ አሉ።

ዋናው ፈተና ግን ኅዳር ውስጥ ነው። ታንክስጊቪንግ፣ አሜሪካኖች ተርኪ የሚሉትን ትልቅ ወፍ የሚበሉበት የምስጋና በዓል፣ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው፤ የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15። ሁለቱ እንደ ጣውንት አንድ ጓዳ ውስጥ ይጋፋሉ። በ2022 ሐሙሱ ኖቬምበር 24 ሲውል ልክ ኅዳር 15 ሆነና ተርኪውና ጾሙ በር ላይ ተገናኙ።

በዚያ ዓመት የእኛ ደብር (ስሙ ይቆየን) ሰበካ ጉባኤ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ነበር፦ ተርኪ። በአዳራሹ መካከል ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ላይ ባልዲ ተቀምጧል፤ ስለ ባልዲው የተያዘ አጀንዳ አልነበረም።

አንዱ ወገን ተነሣና በዓሉ ዓለማዊ ነው፣ ምስጋናው ለማን እንደሆነ እንኳ ስሙ አይጠራም፣ «ደኅና ነህ ወይ» በተባልን ቁጥር «ተመስገን» ለምንል ሰዎች በዓመት አንድ ቀን ቆርጦ መስጠት ስድብ ነው አለ። ሌላው ወገን ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የጻፈውን 14ኛ ምዕራፍ አወጣ፤ የሚበላውና የማይበላው እንዳይፈራረዱ የሚያስጠነቅቀውን። ምዕራፉን ሁለቱም ወገን እየጠቀሱ እስከ ማታ ተፈራረዱበት። ገለልተኛ የሚባሉት ደግሞ በዓሉን አናከብርም፣ ለበዓሉ የሚታሰበውን አንድ ተኩል ክፍያ ግን አንጥልም አሉ። ሃርትስፊልድ ጃክሰን ኤርፖርት ሻንጣ ለሚጭን ሰው ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ትርጓሜ አይደለም።

አገር ቤት ቅኔ ያስቆጥሩ የነበሩ፣ አሁን ግን ኤርፖርቱ አጠገብ መኪና የሚያስቆሙ አንድ መሪጌታ አሉን። እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ባልዲውን ይመለከቱ ነበር። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ የተማረውን ዲያቆን ጠሩና «ልጄ፣ ይህን በዓል ማን ጀመረው?» አሉት።

ዲያቆኑ የሚያውቀውን ተናገረ። በ1620 በመርከብ ፕሊመዝ የደረሱት እንግሊዞች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ክረምት አለቁ። የተረፉት በ1621 መከራቸውን ሰብስበው ግብዣ አደረጉ፤ የአገሩ ባለቤቶች ዋምፓኖአጎች ዘጠና ያህል ሆነው መጡ፣ አምስት አጋዘንም አድነው አመጡ፣ ሦስት ቀን ተበላ። ስለ ግብዣው በተጻፈው ደብዳቤ ላይ ወፍ ይነሣል እንጂ ተርኪ በስም አልተጠራም። ከሃምሳ ዓመት ብዙም ሳይርቅ የእንግዶቹና የባለቤቶቹ ልጆች ተፋጁ።

«ሃይማኖታቸውስ?»

«ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አንስማማም ብለው የተገነጠሉ ናቸው፣ መሪጌታ። መጀመሪያ ሆላንድ ገቡ፤ እዚያም አልተመቻቸውም።»

መሪጌታ ጉባኤውን ከዳር እስከ ዳር ቃኙት። «ከቤተ ክርስቲያን ተገንጥሎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ የራሱን አዳራሽ ያቆመ ሰው ያመጣውን በዓል ነው ዓለማዊ የምትሉት? ከእኛ የቀረበ ወራሽ አለው?»

ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩም ሳቁ።

«ብቻ» አለ ዲያቆኑ፣ «እነሱ ገናን አያከብሩም ነበር።»

«እኛም ገና ነን» አሉ መሪጌታ።

ዲያቆኑ ቀጠለ። ቀኑን ብሔራዊ ያደረገው ሊንከን በ1863 ነው፤ ወንድም ወንድሙን ሲገድል። በዓመቱ በኖቬምበር የሊንከኑ ጄኔራል ሸርማን ይህችኑ አትላንታን አቃጥሎ ወጣ። (ኅዳር ሲታጠን እንዲህ ሰፋ ተደርጎ ሲከበር ሌላ ቦታ አልሰማሁም።) በ1939 ደግሞ ሩዝቬልት ነጋዴዎች ደስ እንዲላቸው በዓሉን በአንድ ሳምንት አስቀደመው። ገሚሱ ክፍለ ሀገር ከአዲሱ ቀን ጋር ሄደ፣ ገሚሱ በድሮው ጸና፤ ቴክሳስና ኮሎራዶ ሁለቱንም አከበሩ። ኮንግረሱ በ1941 ሕግ አውጥቶ አስታረቃቸው።

«እንዴት ቸኮሉ!» አሉ መሪጌታ። እውነታቸውን ነው። እኛ ሁለት ሲኖዶስ ይዘን ከሩብ ምእት ዓመት በላይ ረጋ ብለን ቆይተን ነው በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2010 ዋሽንግተን ላይ የታረቅነው። ዕርቅ እንደ ዶሮ ወጥ ነው፤ ሽንኩርቱ በደንብ ካልበሰለ ይጎመዝዛል።

በ2022 ምስር፣ ሽሮና ጎመን ተበላ። ተርኪው በድምፅ ብልጫ ቀረ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ «ቤተ ክርስቲያናችን ከሥጋ ተጠበቀች» ተብሎ ተጻፈ።

በ2023 ግን ሐሙሱ ኖቬምበር 23 ዋለ፤ ኅዳር 13። ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅበላ ላይ። ሕግ የሚከለክለው ነገር ጠፋ። እህቶቻችን አንድ ግዙፍ ተርኪ በርበሬና ንጥር ቅቤ ቀብተው አቀረቡ። ችግሩ የመጣው ከዚህ ወዲህ ነው። ዶሮ ቢሆን ዐሥራ ሁለት ብልት አለው፤ የትኛው ለማን እንደሚደርስ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ተርኪ ግን ሥርዓት አልተሠራለትም። ብልቱን ማን ያውጣ? ሊቀመንበሩ በሥልጣኔ አሉ፤ ጸሐፊው ቢላዋው የእኔ ነው አሉ፤ ገንዘብ ያዡ ተርኪው በእኔ ካርድ ነው የተገዛው አሉ። ከመደብር የሚመጣ ተርኪ ደግሞ ራስ የለውም፤ ክንፍ ግን ሁለት አለው። እያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ክንፍ ይዞ ሲጎትት፣ መካከል የነበረው ፍርምባ ማንም ሳያየው ወለል ላይ ወደቀ።

ተርኪ በተከለከለበት ዓመት አንድ ነበርን። የተለያየነው በተፈቀደበት ዓመት ነው።

ገና ሳይደርስ ግማሹ ምእመን ከመንገዱ ማዶ ሱቆቹ ካሉበት ግቢ አዳራሽ ተከራየ። ቆየት ብሎ የሕንፃው ሞርጌጅ የተያዘበት ባንክ ደብዳቤ ጻፈ። ጉባኤው ምን ብሎ እንደሚመልስ ሲጨነቅ መሪጌታ ከኋላ ወንበር ተነሥተው ሁለት ስንኝ አሉ፦

የባንኩ ሰው መጥቶ ዕዳችሁስ ቢለን፣
ቤተ ክርስቲያኑ ተከፈለ አልን።

ሊቀመንበሩ ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ፤ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍርም አዘዙ። ሰፍሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በየዓመቱ በታንክስጊቪንግ ሰሞን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ካሜራ ፊት ቆሞ ለአንድ ወይም ለሁለት ተርኪ ምሕረት ያደርጋል፤ ከ1989 ወዲህ እንደ ሥርዓት ይዘውታል። መሪጌታ ይህን በቴሌቪዥን ሲያዩ «ምን አጥፍተው ነው?» ብለው ጠየቁ። ምንም አላጠፉም አልናቸው። «እህ» አሉ፣ «ሳያጠፉ ታስረው፣ ሳይጠይቁ ምሕረት ወርዶላቸው፣ አመስግኑ ተብለው!» ከዚያም አገራቸው የናፈቃቸው መስለው ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

የታንክስጊቪንግ ማግስት ብላክ ፍራይደይ ነው። እኒያ ዱባውን ወጥ የሠሩት እናት ልጃቸው «ጥቁር ዓርብ» ብላ ብትተረጉምላቸው ስቅለት መስሏቸው ጥቁር ነጠላ ለበሱ። ሌሊት ወጥተው ሲያዩ ሕዝቡ በብርድ ተሰልፎ በር እስኪከፈት ይጠብቃል። «ለኪዳን ነው?» አሉ። በሩ ሲከፈት የነበረውን ግፊያ አይተው ግን «አይ፣ የእኛ ሰዎች ናቸው» ብለው ተመለሱ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ጴንጤ ጎረቤቶቻችን በዚህ ሁሉ አይቸገሩም። ተርኪያቸውን ከበው ጸልየው ይበላሉ፤ ኅዳር 15 አያሰጋቸውም። እነሱም ግን አሁን በአንድ መንገድ ላይ ሦስተኛ አዳራሽ መክፈታቸውን ስሰማ ወንድሞቻችን መሆናቸውን አመንኩ።

በ2026 ታንክስጊቪንግ ኖቬምበር 26 ነው፤ ኅዳር 17፣ ጾም ነው። ስለዚህ ሥጋ በሁለቱም አዳራሽ በጥብቅ ክልክል ነው፤ በዚህ ላይ ሙሉ ስምምነት አለ። ምስር የምታመጡ መኪና ላይ ከመጫናችሁ በፊት ደውላችሁ ቦታውን አረጋግጡ። ስትደውሉ ግን «ዋናው ቤተ ክርስቲያን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁለቱም አዎ ይሏችኋል።