በጭስ የሚለይ ሽቦ

የቮልስ ሞተር ሲቀየር ሽቦዎቹን ምልክት ሳያደርጉ በፒንሳ መቁረጥ የእውቀት ማነስ የሚመስላቸው አሉ። ፋብሪካው ለቦቢናው 15፣ ከባትሪ በቀጥታ ለሚመጣው 30፣ ለሞተሪኖው 50 ብሎ ቁጥር የሰጠው ግን ለጀማሪ ነው፤ የበሰለ ባለሙያ አያነብም፣ እያስነካ ይሞክራል። ዘዴውም አስተማማኝ ነው። የዘይት ግፊት መጠቆሚያው ሞተሩ ቆሞ ሳለ ከኔጋቲቭ ጋር የተገናኘ ስለሆነ፣ የቦቢናው ሽቦ እዚያ ከተሰካ ቁልፉ እንደዞረ ጭሱ ራሱ መልሱን ይናገራል። የቦቢናው መስመር በፊውዝ አለማለፉም መልካም ነው፤ ፊውዝ ቢኖር ትምህርቱ ገና ሳይጀመር ይቋረጥ ነበር።

«ቁራጭ ፕላስተር ላይ ቁጥር ጽፎ መለጠፍ ምን ይከብዳል?» የሚሉ አይጠፉም። ከኋላ ሞተሩ ጋ ያሉት ሽቦዎች በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸውንም ያነሳሉ። እንግዲያው ለዚህች ጥቂት ነገር ብዕር ማውጣት ምን የሚሉት ብክነት ነው? ደግሞም ሁሉም በጥቁር ናስትሮ ሲጠቀለል የመኪናዋ ምስጢር በፈታት ሰው ዘንድ ብቻ ይቀራል፤ ያውም እስከ ማግስቱ። ስለዚህ ባለመኪና ሆይ፣ ጋራዥ ስትሄድ ማርከር ይዘህ ባለሙያውን አትድፈር። የእሳት ማጥፊያ ያዝ።